ዋይፋይም አማና ነው

መርጡለ ማርያም ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድሜ በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ስለ ሕመሙ ለሐኪም ከጻፈ በኋላ «አለቃዬ ያነበው ይሆን?» ሲል ደወለልኝ። በራሱ ስልክ በዋትስአፕ ልኮት ከሆነ ቃሉ የተመሰጠረ ነውና የመረቡ ባለቤት አያነበውም፤ በምን አገልግሎት፣ መቼ እንደ ተጠቀመ ግን ሊያይ ይችላል። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ የጻፈው ሁሉ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምስጢርህን በራስህ ስልክና በራስህ ሲም ካርድ አድርገው አልኩት።

ለአሠሪዎችም ቃል አለን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ላይ መሰለልን ከልክሏል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እና በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራሉ። መረቡ ንብረታችሁ ነው፤ የሠራተኛው ገመና ግን አይደለም። የምትቆጣጠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሠራተኛውም የደመወዙን ሰዓት በወሬ አይፍጀው፤ አለቃ ባያይም አላህ ያያልና። ወላሁ አዕለም።