ገበናና ደም

የእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ አንባቢ ያችን መንደር በደንብ ያውቃታል። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል፣ ከመስኮታቸው የማይጠፉ አሮጊቶች። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመችው፣ በቄስ ቤት ስለተፈጸመ ግድያ በሚተርከው መጽሐፍ ኮሎኔሉ በቄሱ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ነገሩን የምትፈታው ወይዘሪት ማርፕል ናት (በዚያ ዕድሜ «ወይዘሪት» መባሏ ለእኛ ጆሮ ትንሽ ያስቃል)። ገዳዩን አልናገርም፤ ያላነበበ ይኖራል። እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎቹ ናቸው። አንዱ የፍቅር ግንኙነቱን፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የወሰደውን፣ አንዷ የቀድሞ ትዳሯን ይደብቃሉ። ገዳዩ እስኪገኝ ድረስ የሁሉም ገበና አደባባይ ይወጣል።

ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው ተብለን ላደግነው ለእኛ ይህ ከግድያው ባልተናነሰ ይከብዳል። ታዲያ የሰው ምስጢር መጠበቅ የሚያስመሰግነው እስከ የት ድረስ ነው? ከየትኛው ደጃፍ ላይ ነው ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ግብረ አበርነት የሚሆነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ የምመላለሰው በሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደታነጸ የሚነገርለት ይህ ከተማ ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው፤ ጥንታዊ በሮቹም አምስት ናቸው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጋጥመው፣ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግቢያቸው ይከፈታሉ። ጎረቤት ሲያስል ይሰማል፤ ማን ከማን እንደተኳረፈም ይታወቃል። የአፎቻው ሰው በሠርግም በለቅሶም ስለሚገናኝ ማንም ከማንም ርቆ አይኖርም። ሆኖም ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አያነሣውም። ይህን ዝምታ ግብዝነት የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። እንዲህ ተጠጋግቶ የሚኖር ሰው ያየውን ሁሉ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ግንቡ ከውጭ ጠላት በፊት ከውስጥ በፈረሰ ነበር።

ደም ሲፈስ ግን ሌላ ነው። ይህንን የባላገሩ አያቶቻችን ከእንግሊዞቹ ደራሲዎች ቀድመው አስበውበታል። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት እኮ ይኸው ነበር፤ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤቱ መሄድ ይከለከላል። ማንም ካልተገኘ ካሣው በመንደሩ ላይ ይወድቃል። ይህ ንጹሑን ከአጥፊው ጋር የሚያስከፍል ጭካኔ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ጭካኔ አለበት። ነገር ግን ዝም ያለ መንደር ዕዳ አለበት የሚለውን ሐሳብ ከዚህ አጥብቆ የያዘ ሥርዓት አላውቅም።

አፈርሳታ ያልተጠራበት አንድ ሞት አለ፤ ቦታውም ከጀጎል ብዙ አይርቅም። የምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ የነበሩት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ እሳቸው ሐረር ነበሩ። በ1913 ተይዘው ፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙና ከሐረር በስተምዕራብ ወዳለው ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ጣልያን ከወረረን ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ በኅዳር 1928፣ በ40 ዓመታቸው እዚያው ሞቱ። ጠላት በስማቸው እንዳይጠቀም ይፈራ ነበርና ተገደሉ የሚል ወሬ ወዲያው ተነሣ። በሕመም ነው የሚልም አለ። የተቀበሩበት ቦታ እንኳ ዛሬም ያከራክራል።

ምግብ ያቀረበ፣ ቁልፍ የያዘ፣ አስከሬን የገነዘ ሰው ነበረ። እነዚህ ሰዎች ዝም ያሉት በፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። የጌታን ቤት ገበና መጠበቅ ታማኝነት ነው ተብሎ ያደገ ሰው የቤተ መንግሥትንም ምስጢር እንደዚያው ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ነው የምለየው፤ ገበና የባለቤቱ ነውና ይሸፈንለታል፣ የሟች ደም ግን የዘበኛውም የንጉሡም ንብረት አይደለም። ደግሞ ዝምታው የበደለው ሟቹን ብቻ አይደለም። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ በሕመም ሞተው ከሆነ፣ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱትን፣ የሐረሩን ገዥ የራስ መኰንንን ልጅ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከጥርጣሬ ነጻ ሊያወጣ የሚችለው ያው ያልተነገረው ቃል ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ገዳዩ ሲያዝ የቀሩት የመንደሩ ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው ይሄዳሉ። በጋራ ሙለታው ሞት ቀና ብሎ የሄደ የለም።

ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሞቱ ብሎ ሲናገር ሕዝቡ ያንኑ ዓይነት ዝምታ እንደገና ሰማ። በዚህኛው ግን ቆይቶም ቢሆን ቃል ወጣ። በ1984 አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ተገኘ፤ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በ1987 በተጀመረውና በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ፍርድ በተሰጠበት ችሎት የእሳቸው ግድያ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ጥቅምት 1993 በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በ1928 ጋራ ሙለታ ላይ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘበኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከ100 ዓመት በላይ ይሆነው ነበር።