የቅቤ ነጋዴውና ጠላቂዎቹ

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ መርካቶ ቅቤ ይነግዳል፤ ታናሹ ዱባይ ይሠራል። ዓመታት በስልክ ብቻ ሲጠያየቁ ኖረው አንድ ክረምት «ዛንዚባር እንገናኝ» ተባባሉ። አንዱ ከቦሌ፣ አንዱ ከዱባይ በረሩና በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር በሆነችው ኑንግዊ አረፉ። ታናሹ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ፣ «ጋሼ፣ ባሕር ውስጥ ሳንጠልቅ ብንመለስ መጣን አይባልም» አለ። ሁለቱም ጠልቀው አያውቁም።

በማግስቱ ገና ዳርቻውን ሲረግጡ አንድ ቀልጣፋ ጎረምሳ «ጃምቦ!» ብሎ ተቀበላቸውና ወደ አንድ ያማረ ሱቅ ወሰዳቸው። ጀልባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ምኔምባ ይነሣል፤ ኤሊ አለ፣ ዶልፊንም አይጠፋም፣ ለወንድማማች ቅናሽ ይደረጋል። ቀጥሎ ወረቀት መጣ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ችግር እያለ ስለ ጤና የሚጠይቅ ወረቀት ነው። በየጥያቄው ፊት ግን «የለም» በሚለው ላይ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበታል። «እዚህ ጋ ፈርሙ ብቻ። የጫማ ቁጥራችሁስ ስንት ነው?» ታናሹ ፈረመ።

ታላቁ ሽንት ቤት የፈለገ መስሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ቅቤ ነጋዴ ከላይ የሚያብረቀርቀውን አያምንም፤ ጣቱን እስከ መሐሉ ሰዶ ያሸታል። አየርን ግን እንዴት አድርጎ ያሸተዋል? ጓሮው ውስጥ ሲሊንደሮቹን የሚሞላው ኮምፕረሰር ቆሟል። አየር የሚስብበት ቱቦ ከጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ቢርቅ ሁለት እርምጃ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። 10 ሜትር በተጠለቀ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ መሬት ላይ እምብዛም የማይጎዳው መጠን 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ ይበረታል። ታላቁ ይህን አያውቅም። ቅቤ ባለበት ቤት ናፍታ እንደማይቀመጥ ግን ያውቃል። «አንተ ሂድ፤ እኔ ትንሽ ልዘዋወር» ብሎ ወንድሙን ሸኘው።

ራቅ ብሎ ሌላ ሱቅ አገኘ። ባለቤቷ ጠና ያለች፣ ሻሽ ያሰረች የአገሬው ሴት ናት። ስለ ኤሊ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዋና ይችል እንደሆነ፣ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ የት እንደሚኖር ጠየቀችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና፣

«ድምፅዎ ተዘግቷል። ጉንፋን ይዞዎታል?» አለችው።

«ትንሽ ነው። ጠብታ አድርጌበት ለቆኛል።»

«የባሰው እሱ ነው» አለች። ጠላቂ ሲወርድ ውኃው የጆሮውን ታምቡር ይጫነዋል፤ አፍንጫውን ይዞ እፍ እያለ ከውስጥ ያመጣጥነዋል። በጉንፋን ያበጠ መተላለፊያ አየር አያሳልፍም። ጠብታው ለጊዜው ቢከፍተው ደግሞ ኃይሉ እታች ሳለ ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ ውስጥ የቀረው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እየሰፋ፣ ማምለጫ አጥቶ ያሠቃያል።

«ነገ ቢሻለኝስ?»

«ከነገ ወዲያ ጠዋት በረራ አለኝ ብለውኝ የለ? ነገ ላወርድዎ አልችልም።» በግፊት ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን ተመልሶ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ ሳይወጣ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ደሙና መገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ሊፈጠርበት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለደጋገመ 18 ሰዓት ይመከራል። «እኔ ለሁሉም አንድ ሙሉ ቀን ነው የምቆጥረው» አለችው።

«ታዲያ ሂሳቡ ስንት ነው?»

«የምን ሂሳብ? ምን ሸጥኩልዎትና?»

ሲወጣ እንደ ልማዱ በጓሮ በኩል አለፈ። የኮምፕረሰሯ ቱቦ በረጅም እንጨት ታስሮ ከጣሪያው በላይ፣ ንፋሱ ወደሚመጣበት ዞሯል። አንድ ልጅ የኦክስጅን ሣጥን ወደ ጀልባ ይጭናል።

ማታ ታናሹ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ተመለሰ። ኤሊውን በስልኩ አሳየ፤ ያማረ ኤሊ ነበር። «ጋሼ፣ 20 ሜትር ወረድን!» አለ። ለጀማሪ የሙከራ ጥልቀት ወሰኑ 12 ሜትር እንደሆነ የነገረው የለም።

«ስትወጣ ስንት አየር ቀርቶህ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አስተማሪው ነው የሚያየው።»

«ለስንት ሰው?»

«ለስድስታችን።»

«ትንፋሽ አትያዙ ብለዋችሁ ነበር?»

«ጀልባው ላይ የሆነ ነገር ብለዋል፤ ሞተሩ እየጮኸ አልተሰማኝም። ምን ሆንኩ ታዲያ? ይኸው በሰላም መጣሁ! አንተ አሸዋ ላይ ሻይ ስትጠጣ ዋልክ።»

ታላቁ መልስ አልነበረውም። ታናሹ ዱባይ ሲመለስ ለጓደኞቹ ሁሉ የዚያን ሱቅ ስም ነገረ፤ በተከታዩ ዓመትም አራቱ ሄዱ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ታናሹን ባሕር ውስጥ ያላስቀረሁት ስለራራሁለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው። የመጥለቅ አደጋ በየቀኑ አይደርስም፤ ስለዚህ ግዴለሽ ድርጅት ለዓመታት ሳይያዝ ሊሠራ፣ ሊመሰገንም ይችላል። ደንበኛው የሚመሰክረው ስላየው ዓሣ ነው። 10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚሮጥ ጀማሪ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይፈልጋል፤ ሳንባው ግን አይችለውም። የታናሹ ሳንባ የተረፈው በአስተማሪው ጥንቃቄ ይሁን በአጋጣሚ፣ ከኤሊው ፎቶግራፍ ላይ አይነበብም። የከለከለችው ሴት ደግሞ ምስክር የላትም። ያልደረሰ አደጋ ማን ያየዋል? ያተረፈችው ነገር ቢኖር «አላጠለቀችኝም» የሚል ቅሬታ ነው።

በዋጋም ቢሆን አይለይም፤ ውድ ሆኖ ግዴለሽ፣ ርካሽ ሆኖ ጠንቃቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት፣ የፓዲ አርማ ግድግዳ ላይ መኖሩ ጥሩ ነው፤ አስተማሪው እንደሠለጠነ ይናገራል። ባለቤቱ ስምንት ደንበኛ ከፍሎ ተቀምጦ ሳለ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ንፋስ ቢበረታ ምን እንደሚያደርግ ግን አይናገርም። እኔ ብሆን «ለመጨረሻ ጊዜ ጉዞ የሰረዛችሁት መቼ ነው? ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚሠራ ሰው ቀኑንና ምክንያቱን ሳያስብ ይነግርሃል። «ሰርዘን አናውቅም» ብሎ በኩራት የሚመልስም አይጠፋም።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአውሮፕላኑ ከወረድን በኋላም ስስ አየር ውስጥ ነን። ስለዚህ መጥለቁ ከዕረፍቱ መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል። የዛንዚባርን የድንጋይ ከተማ ጠባብ ጎዳናዎች መዞሩ፣ ቅመም መግዛቱ፣ ከዘመድ ጋር መከራከሩ ለመጨረሻዎቹ ቀናት ይቆይ።