ያገለገለ ብረት፣ አዲስ ሸክም

አሮጌ ዕቃን ከመጣል ማዳን በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች እንደ ነውር ታይቶ አያውቅም። በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ ባልዲና ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ሱማሌ ተራ ደግሞ የአንዱ መኪና ሞት ለብዙ መኪኖች መዳኛ የሚሆንበት ሥፍራ ነው። በናይሮቢም፣ ቀድሞ ግሮጋን ይባል በነበረው በኪሪንያጋ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ማለትም «ጠራራ ፀሐይ» የሚል ስም የወጣላቸው የእጅ ሙያተኞች የተፈታውን ሲገጥሙ፣ የተሰነጠቀውን ሲበይዱ ይውላሉ። ይህ ልማድ ከእጅ ማጠር ብቻ የመነጨ አይደለም። ዕቃ የሰው ላብ ያረፈበት ነገር ነውና ጉልበቱ ሳያልቅ ሊጣል አይገባውም ከሚል የቆየ እምነትም ጭምር ነው።

ከዚህ ልማድ ጎን ለጎን ግን ሌላ ፍላጎት አድጓል። ይኸውም መኪናን ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው አቅም በላይ የማፍጠን ፍላጎት ነው። የሳፋሪ ራሊ አገር በሆነችው ኬንያ ይህ ፍቅር ሥር የሰደደ ነው። ከጃፓን የሚመጡ ሱባሩ መኪኖችን ቱርቦ እያስገጠሙና አቅማቸውን እያስጨመሩ የሚነዱ ወጣቶች በናይሮቢ ጎዳናዎች ብርቅ አይደሉም። ኬንያ የምታስገባው ያገለገለ መኪና ዕድሜው ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች። ያም ሆኖ መኪናው ወደብ ሲደርስ የዓመታት ድካም በሞተሩ ውስጥ ይዞ ነው የሚደርሰው።

እንግዲህ 150,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ለዚህ ዓላማ ወርዶ ተፈታ እንበል። ፒስተኖቹ፣ ቢዬላዎቹ፣ ቤሪንጎቹና የቴስታታው ቡሎኖች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ባለ መኪናው ገንዘቡን ለቱርቦው አውጥቶ ጨርሷል። መካኒኩ ቢዬላውን አንሥቶ ይጠርግና «ይኼ ገና ይሠራል» ይላል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተሸፍነው ያልፋሉ። ገና የሚሠራው የትኛውን ሥራ ነው? ባይሠራስ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ያሻል። አንደኛው ማለቅ ነው፤ ሁለተኛው መድከም። ማለቅ የሚታይና የሚለካ ነው። ቤሪንግ ገጹ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ብረት ብቅ ሲል፣ ሲሊንደር ሲሰፋ፣ የፒስተን ቀለበት ሲሳሳ ሚክሮሜትር የያዘ ባለሙያ በሚሊ ሜትር መቶኛ ለክቶ ሊያውቀው ይችላል። መድከም ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ደጋግሞ የተገፋና የተሳበ ብረት መልኩ ሳይለወጥ፣ ክብደቱም ሳይቀንስ፣ በውስጡ ፀጉር የማታህል ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። አንድ ቀን በድንገት እስኪበጠስ ድረስ ከጤነኛው የሚለየው ነገር በውጭ አይታይም።

የሰው ልጅ ይህን የተማረው በደም ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር፣ በቬርሳይና በፓሪስ መካከል ይጓዝ የነበረ ባቡር አክሱ ተሰብሮ ከሃዲዱ ወጣና በእሳት ተያይዞ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር አክሶችን ደጋግሞ በመጫን ባደረገው ምርመራ ብረት በአንድ ጊዜ ጭነት የማይሰበር ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ያነሰው ጭነት እልፍ ጊዜ ሲመላለስበት ሊሰበር እንደሚችል አሳየ። ከዚሁ ጋር አንድ የሚያጽናና ነገርም ተገኘ። ተራው የሞተር ብረት የተወሰነ ወሰን አለው፤ ጭነቱ ከዚያ በታች እስከ ሆነ ድረስ ስንጥቅ ሳይጀምረው እጅግ ረጅም ዘመን ሊያገለግል ይችላል። ብዙዎቹ ፒስተኖች የሚሠሩበት አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም። ጭነቱ ቢያንስም ድካሙ መቆጠሩን አይተውም።

አንባቢ ልብ ይሏል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ 150,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተሄዶ ከሆነ 3,000 ሰዓት ይሆናል። ክራንክሻፍቱ በደቂቃ በአማካይ 2,000 ጊዜ ዞሮ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቢዬላ ፒስተኑን 360 ሚሊዮን ጊዜ ያህል አውጥቶ አውርዷል። ይህን ሁሉ ያለ እንከን የተወጣው ሸክሙ ከወሰኑ በታች ስለ ነበረ ነው። አሁን ግን ቱርቦው አየሩን እየጨመቀ ያስገባል፤ ብዙ አየር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ በፒስተኑ ራስ ላይ የሚያርፈው ግፊትና ሙቀት ይጨምራል። በዚህ ላይ የሞተሩ ከፍተኛ ዙር በደቂቃ ከ6,000 ወደ 7,000 ከፍ ቢል፣ ፍጥነቱ የጨመረው በ17 በመቶ ገደማ ሲሆን ቢዬላውን የሚስበው ኃይል ግን በ36 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነውና። ስለዚህ «እስከ ዛሬ አልተሰበረም» የሚለው ምስክርነት እውነት ቢሆንም የሚመሰክረው ስለ ትናንቱ ሸክም ብቻ ነው። ስለ ነገው ሸክም ምንም አላለም።

ከዚህ ተነሥቶ ያገለገለ ሁሉ ይጣል ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ታሪክም አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ያሸነፈው ቀደም ሲል ለውድድር ባገለገለ ቮልቮ ፒቪ 544 ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያም የቢ ኤም ደብሊው መሐንዲሶች ለፎርሙላ ዋን የሠሩት ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር መሠረቱ የተራ የጎዳና መኪና ብሎክ ሲሆን፣ ከአዲሶቹ ይልቅ በጎዳና ብዙ የሄዱትን ብሎኮች ይመርጡ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። ምክንያቱም ሲቀለጥ በብረቱ ውስጥ የቀረው ውጥረት በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ስለሚረግብ ነው። ኔልሰን ፒኬ እ.ኤ.አ. በ1983 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ሞተር ነው።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች አሮጌውን ለመጠቀም ፈቃድ የሚሰጡ ይመስላሉ፤ በእርግጥም ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ፈቃዱ ሁኔታ አለው። የፎርሙላ ዋኑ ሞተር አሮጌ ብሎክ ይኑረው እንጂ ፒስተኖቹና ቢዬላዎቹ ለውድድሩ ሸክም ታስበው የተሠሩ ነበሩ። መሐንዲሶቹ የትኛው ክፍል በዕድሜ እንደሚጠነክር፣ የትኛው በዕድሜ እንደሚደክም ለይተው ያውቁ ነበር። ጆጊንደር ሲንግም በሙያው መካኒክ የነበረ ሰው ነው። መኪናውን በእጁ ያውቀዋል፤ መሪውን የጨበጠውም እሱ ራሱ ነው። ያወቀው፣ የወሰነውና አደጋውን የተሸከመው አንድ ሰው ነበር። በከተማ ጋራዥ ግን እነዚህ ሦስቱ ይለያያሉ። የሚያውቀው መካኒኩ ነው፤ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው፤ አደጋውን ግን ሳይጠየቁ የሚካፈሉ ሌሎች ሰዎች አሉ።

በቲካ አውራ ጎዳና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሌላውን መኪና በመቅደም ላይ ያለ ሾፌር ቢዬላው ተበጥሶ ብሎኩን ቢበሳ፣ ሞተሩ ይሞታል፤ ዘይቱ በአስፋልቱና በጎማው ላይ ይፈስሳል፤ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ከኋላ የሚመጣው ማታቱ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ስለዚያ ቢዬላ የሰሙት ነገር የለም። ሊፈቅዱም ሊከለክሉም ዕድል አላገኙም። ስለዚህ «መኪናው የራሴ ነው፣ ገንዘቡም የራሴ ነው» የሚለው ክርክር እስከ ጋራዡ በር ድረስ ብቻ ያዋጣል። ከበሩ ባሻገር ያለው መንገድ የሁሉም ነው።

«ድሃስ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት ሞተሮች እየታደሱ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ የሚጠበቅባቸው ናቸው። ያገለገለ መለዋወጫ የሚገዛ ባለ ታክሲ ግን የሚፈልገው ሞተሩ ትናንት ይሠራ የነበረውን ነገም እንዲሠራ ነው። የልጆቹን እንጀራ ለማግኘት ከአሮጌው ብረት የጠየቀው ብረቱ የለመደውን ሸክም ነው። ፍጥነት የሚያስጨምረው ሰው ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ወጪው እንደ ድሃ እንዲያንስ፣ ጉልበቱ እንደ ባለጸጋ እንዲበዛ። የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ሁለተኛው ምኞት ነው። ችግር ይቅር የሚያሰኘውን ሁሉ ምኞት ይቅር አያሰኝም።

የቁጠባው ቦታም መታየት አለበት። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ቡሎኖች ሲጠብቁ ሆን ተብሎ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህም አንድ ጊዜ ከተፈቱ በኋላ ተመልሰው እንዳይታሰሩ አምራቾቹ ያዝዛሉ። ዋጋቸው ከቱርቦው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ቱርቦው ይታያል፣ ያፏጫል፣ ይወራለታል፤ ቡሎኑ ግን ከክዳኑ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ለሚታየው ተከፍሎ ከማይታየው ሲቀነስ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ታይታ ይሆናል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

መካኒኮች በበኩላቸው የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሊናቅ አይገባውም። በገበያው ላይ አዲስ ተብሎ በሚያምር ካርቶን የሚሸጠው ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ተመሳስሎ ከተሠራ አዲስ ቢዬላ ይልቅ ፋብሪካው የሠራው ያገለገለ ቢዬላ ሊሻል ይችላል። ይህ እውነት ነው። እውነቱ ግን የሚያሳየው መለኪያው አዲስነት አለመሆኑን ነው እንጂ መለኪያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብረት በማግኔት ተመርምሮ ስንጥቁ ሊገለጥ ይችላል፤ አሉሚኒየም በቀለም ይፈተሻል፤ ውፍረቱና ክብነቱ ይለካል። ተመርምሮ የተገጠመ አሮጌ ዕቃ የዕውቀት ሥራ ነው። ሳይመረመር የተገጠመው፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ዕጣ መጣል ነው። ልዩነቱ ዕጣው የሚጣለው በሌላ ሰው ነፍስ ላይ መሆኑ ነው።

የሥነ ምግባሩ ጥፋት እንግዲህ የት ላይ ነው? አሮጌውን መልሶ በመግጠም ላይ አይደለም። ጥፋቱ ያለው አሮጌው ቃል ያልገባውን ሸክም በዝምታ በመጫን ላይ ነው። መካኒኩ «ይኼ ገና ይሠራል» ሲል ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን «እስከ ዛሬ ለሠራው ሥራ» የሚለውን ሐረግ ዋጥ አድርጎታል። ያ የተዋጠ ሐረግ ነው ምክርን ከማታለል የሚለየው። ደንበኛው ቢቆጣም፣ ሥራው ወደ ጎረቤት ጋራዥ ቢሄድም፣ «ይህን ቢዬላ ከለወጥህ ቱርቦውን እገጥማለሁ፤ ካልለወጥህ ግን ሞተሩ በነበረበት አቅም ይቆይ» ብሎ መናገር የሙያው ግዴታ ነው። ባለ መኪናውም ቢሆን ይህን ሲሰማ መካኒኩን ገንዘብ ፈላጊ ብሎ ከመጠርጠር ይልቅ፣ አደጋውን ሊያሳየው ስለ ወደደ ሊያመሰግነው ይገባል።

ጊዜም ቢሆን የነገሩ አካል ነው። ፍጥነት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው እስከ ቅዳሜ እንዲያልቅለት ይሻል። ለምርመራ የሚሆነው አንድ ሳምንት፣ ለመለዋወጫው የሚሆነው አንድ ወር እንደ ብክነት ይታየዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል የተነገረው ሞተር ከመፈጠሩ አስቀድሞ ቢሆንም፣ በጥድፊያ ስለ ታሰረ ቡሎን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ቃል የለም።

ያገለገለን ነገር ማክበር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጉልበት እያለው አለመጣል ነው፤ ይህን የምናለሽ ተራም የኪሪንያጋም ሰዎች አሳምረው ያውቁታል። ሁለተኛው አቅሙን ጠይቆ መጫን ነው። 360 ሚሊዮን ጊዜ የታዘዘውን የፈጸመ ብረት ዕረፍት ባይጠይቅ እንኳ መለካት ይገባዋል። መለኪያው ወሰኑን ካሳየ አሮጌው ብረት በለመደው ሸክም ገና ብዙ ጎዳና ያገለግላል፤ አዲሱ ሸክም ግን አዲስ ተሸካሚ እስኪገዛለት ይጠብቅ።