ከዘራ ካላሳፈረ ብሬስ ለምን ያሳፍራል?

እስቲ በዛንድስፕሩት ሱቅ ያለውን አንድ ወንድማችንን እናስብ። በልጅነቱ ልምሻ ይዞት ስለነበር የቀኝ እግሩ መዳፍ እንደ ልብ አይነሳለትም። ሲራመድ ጣቶቹ መሬት ይጭራሉ። ዝናብ በሸረሸረው መንገድ ዕቃ ተሸክሞ ስንቴ ወድቋል! «ብሬስ አድርግ» ሲሉት ግን «ድክመቴን ለሰው ላሳይ?» ይላል።

ይህን መልስ በቀላሉ መናቅ አይገባም። በዚያው ሰፈር በጥቅምት 2001 (እ.ኤ.አ.) የዚምባብዌ ስደተኞች ተባርረው ቤታቸው ተቃጥሏል። ስደተኛ ደካማ መስሎ መታየትን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁንና ነገሩን እንመርምረው። ብሬስ በልምሻም ሆነ በዘር በሚወረስ ሕመም የተጎዳውን ነርቭ አያድንም። ከጫማ ውስጥ ተነስቶ በባት ጀርባ ሽቅብ የሚወጣ ፕላስቲክ ነው፤ እግር በተነሳ ቁጥር ጣት ወደ ታች እንዳይወርድ ደግፎ ይይዛል። በልክ ካልተሠራ ቆዳ ይልጣል፤ በልክ ከተሠራ ግን ውድቀትንና ድካምን ይቀንሳል። ደግሞም ከሱሪ ሥር ይሸፈናል። ማነከሱን ግን መንገደኛው ሁሉ ያያል። እንግዲህ ወንድማችን የሚደብቀው ድክመቱን ሳይሆን ድጋፍ መፈለጉን ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ድጋፍ መፈለግ ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? አባቶቻችን ከዘራ ይዘው ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ ካህናት በመቋሚያ ተደግፈው ረጅሙን ሌሊት ይቆማሉ። ይህን ማንም እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ነገር ነውና። በመናገሻው የቼሻየር ማዕከልም በልምሻ የተጎዱ ልጆች ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብሬስና በክራንች መራመድን ተምረዋል። እዚያ ብሬስ ያደረገ ልጅ ብቻውን አልነበረም።

ስለዚህ ኀፍረቱ ያለው ከእግሩ ላይ ሳይሆን ከእኛ ዓይንና አንደበት ላይ ነው። «ያ አንካሳው» እያልን የምንጠራው እኛ አይደለንም እንዴ? ሰውን በጉድለቱ እየጠራን፣ ጉድለቱን ሲደብቅ ደግሞ «ግትር ነው» ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ነው።

ብሬስ ማድረግ ወይም አለማድረግ የእርሱ ምርጫ ነው፤ እግሩ የእርሱ ነውና። ምርጫው ከኀፍረት ነፃ እንዲሆን ማድረግ ግን የእኛ ዕዳ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ በሚለካበት ቀን አንዳችን ሱቁን እንጠብቅለት፤ ሌላው አብሮት ይሂድ። ከዚያ በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ፦ ከዛሬ ጀምሮ በስሙ እንጥራው።