ገንዘቡ ከቤት ሲወጣ ስሙ ማን ነበር?

ከጁባ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው ቶንፒንግ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ጀበናው ሲጣድ፣ ሽማግሌው ወንበራቸውን ከጄኔሬተሩ ጩኸት ራቅ ያደርጋሉ። ወጣቶቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። ምግብ ቤትና ሆቴል የከፈተው ሐበሻ መነሻ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ ጋሼ ያውቃሉ፤ ከባንክ አይደለም። ወንድም መኪናውን ሸጦ፣ እኅት ከዐረብ አገር ልካ፣ እናት የዕቁብ ዕጣቸውን ሰጥተው ነው።

ሰሞኑን አንድ ልጅ ወንድሙ የማስፋፊያ ገንዘብ እንደላከለት በደስታ ነገራቸው።

«ስጦታ ነው፣ ብድር ነው፣ ወይስ ድርሻ?»

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ነው!»

እሳቸው ግን አልሳቁም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በይፋ ሦስት ፓውንድ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ18 በላይ ሆነ። ላኪው በዶላር የሚያስበውን ዕዳ ተቀባዩ በፓውንድ ከመዘገበው፣ ሁለቱም ሳይዋሹ ይጣላሉ። ብሩም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስለዚህ ጋሼ መጀመሪያ የሚያስጽፉት በየትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ ነው።

ቀጥሎ የኪሳራው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል፣ ተዘርፏል። ብድር ከሆነ ዕዳው ባዶ መደርደሪያ ላይም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ድርሻ ያለው ሰው ግን ከትርፉ ብቻ ሳይሆን ከዘረፋውም ድርሻ አለው። ይህን አስቀድሞ የሚነጋገር ቤተሰብ ጥቂት ነው።

በቃል መቅረቱም ችግር አለው፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ፣ አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ የምሳ ሒሳብ ብዙም አያልፍም! ያው ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ሰው ብዙም የማይጠቀምበት ነገር አለው፤ የአደራ ንብረት። አባት ወይም እናት በስጦታ ወይም በኑዛዜ ንብረት ለይተው ለባለአደራ ይሰጣሉ፤ እሱም በተጻፈለት መመሪያ መሠረት ለተጠቃሚዎቹ ያስተዳድራል። የባለአደራው የግል አበዳሪዎች ንብረቱን ሊነኩት አይችሉም። ሕጉ ጁባ ድረስ አይመጣም፤ ቤቱ አዲስ አበባ ላለው ወገን ግን ይሠራል። መመሪያው ላይ ለማን፣ ስንት፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ከሰፈረ፣ ሱቅ ልክፈት የሚለው ዘመድ የሚለማመጠው አጎቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ጋሼ አንድ ነገር አጥብቀው ይመክራሉ፦ ገንዘብ ጠያቂው ራሱ ባለአደራ እንዳይሆን።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ልጁ ተነስቶ ወንድሙ ጋ ደወለ። «ያ የላክልኝ ገንዘብ ምን ብለን እንጻፈው?» አለው። ለጥቂት ጊዜ መልስ የለም።

«ግማሹ እኮ የባለቤቴ ነው» አለ ወንድምየው።