የጠገበችው ጦጣ

ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጀራ ይጋገር ነበር። አንዱ ማኛ ነው፤ ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለልጆቹ። ሌላው በቆሎና ማሽላ የበዛበት ቅልቅል ነው፤ ለሠራተኛችን። ሁለቱንም የምትጋግረው እሷው ናት። ይህን እንደ ነውር አስቤው አላውቅም። የጤፍ ዋጋ የሚታወቅ ነው፤ ስንቱ ቤት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

አንድ ማታ ልጅቷ እራት ሳትበላ ቀረች። «ምነው?» ስትባል «አልራበኝም፣ እትዬ» አለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ፍርዷን ሰጠች። «ጠግባለች!» አለች። እኔም «አገሯ እያለች ማሽላ አይደለም እንዴ ስትበላ የኖረችው?» ብዬ ፍርዱን አጸናሁ።

ፍርዱን እንደገና እንድመረምር ያደረገኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የጦጣ ፊልም ነው።

ሣራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ቫል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አሜሪካ አትላንታ ውስጥ፣ ያኔ የርክስ ይባል በነበረው የምርምር ማዕከል፣ ካፑቺን የሚባሉ ጦጣዎችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ሥራው ቀላል ነው። ጦጣዋ ጠጠር ይሰጣታል፤ ጠጠሩን ስትመልስ ቁራጭ ኪያር ትቀበላለች። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጦጣዎች ሁለቱም ኪያር ሲሰጣቸው ጸብ የለም፤ ይበላሉ። ከዚያ ለአንደኛዋ በኪያሩ ፋንታ የወይን ፍሬ መስጠት ይጀመራል። ጦጣ ደግሞ ከኪያር ይልቅ ወይን ይጥማታል። ኪያር የደረሳት ጦጣ ይህን ስታይ ብዙ ጊዜ እምቢ ትላለች። ወይ ጠጠሩን አትመልስም፣ ወይ ኪያሩን አትቀበልም። ጎረቤቷ ያለ ምንም ሥራ ወይን ስታገኝ ደግሞ እምቢታው ይብሳል።

ደ ቫል በአንድ ንግግሩ ላይ ባሳየው ፊልም ጦጣዋ የተሰጣትን ኪያር መልሳ ተመራማሪዋ ላይ ትወረውራለች፤ በእጇ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። ቀጥሎ ጠጠሯን ግድግዳው ላይ ታንኳኳለች፤ «የማይረባው የእኔ ጠጠር ይሆን እንዴ?» የምትል ይመስላል። ሰዉ ይስቃል። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ልጅቷ ትዝ አለችኝ።

እስቲ እንጠይቅ፤ ኪያሩ ምን ሆነ? ምንም። ጣዕሙም ውኃውም ያው ነው። በሒሳብ ከሄድን ከባዶ እጅ ኪያር ይሻላል፤ የወረወረችው ጦጣ ወይን አላገኘችም፤ ያላትንም አጣች። ታዲያ ይህ ቅናት ነው ወይስ ፍትሕ ፍለጋ? ምሁራኑም አልተስማሙበትም። አንዳንዶቹ ጦጣዋን ያስቆጣት የጎረቤቷ ድርሻ ሳይሆን ወይኑን አይታ መጎምጀቷ ነው ይላሉ። ይሁንላቸው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ዱር ያለች ጦጣ የአንዱ ዛፍ ፍሬ ካልጣማት ወደ ሌላው ትዘላለች። አጥር ውስጥ ያለችው ግን የምትበላው ከሰው እጅ ነው። ከሰው እጅ ለሚበላ የቀረችለት አንዲት ቃል ናት፤ አለመብላት።

የእኛ ሰው ለዚህች ቃል የሰጣት ስም ይገርማል። በባዶ ሆዱ ትሪ የሚገፋውን ሰው «ጠገበ» እንለዋለን። ሆዱን ማለታችን እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ልኩን ረሳ ማለታችን ነው። ልኩን የለካለት ግን ማን ነው? ፊልሙ ላይ ወይን የደረሳት ጦጣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ትበላለች። ጥጋብ የሚባለው ይኸኛው ይመስለኛል። ራሴን ያየሁትም እሷ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ደግሞ ብሮስናንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት የቺምፓንዚዎች ጥናት ነው። እዚያ፣ ጎረቤታቸው የማይረባ ካሮት ሲደርሰው፣ የራሳቸውን ወይን አንቀበልም ያሉበት ጊዜ ተመዝግቧል። እኔ ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ጉርሻ አልተናነቀኝም።

በየሳምንቱ ስለ አገር ፍትሕ የምጽፍ ሰው ነኝ። ዝንጀሮ እሾህ ወግቷት «ከየት እንጀምርልሽ?» ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። የእኔም እሾህ የተሰካው የተቀመጥኩበት ነው። ነገሩን ለባለቤቴ ሳነሳባት «ማኛ ለሁሉም? በየትኛው ደመወዝህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስንነጋገር አመሸንና፣ ማኛውን ለሁሉም ማዳረስ ካቃተን ቅልቅሉን ለሁሉም እናድርገው ተባባልን።

አሁን አንድ ዓይነት እንጀራ ነው የሚጋገረው። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም፣ አልዋሽም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከበደኝ፤ «ምን ችግር አለው፣ እንጀራ አይደለም እንዴ?» ስለው የኖርኩት እንጀራ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ትበላለች።

የምትበላው ግን አሁንም ማድ ቤት ነው፣ ብቻዋን፣ እኛ ከተነሳን በኋላ። እንጀራው አንድ ሆነ እንጂ ገበታው ሁለት ነው። «ነይ ቅረቢ» ማለት ደግሞ ጤፍ አይፈጅም፤ የደመወዝ ሰበብም የለኝም። እስካሁን ግን አላልኳትም።