ስለ ባናውም ተመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እኔም ባና ደርቤ፣ ድመቷን አቅፌ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጬ እንኳ ብርዱን ሳማርር አመሽ ነበር።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ቤታችን ካደሩት አንዲት እናት በነጠላ ብቻ ነበር የመጡት። እናቴ የኔን ባና አንሥታ አለበሰቻቸው። እኔ በልቤ አጉረመረምሁ፤ እርሳቸው ግን እሳቱን እየሞቁ «ተመስገን» አሉ። ቤታቸውን የተዉት ሲያመሰግኑ፣ ቤት ያለኝ እኔ አፈርሁ።

ሰሞኑን መጽሐፈ ጦቢትን ሳነብ፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ለመንገድ ሲነሣ ውሻው አብሮ መሄዱ ተጽፎ አገኘሁ። በዚያ ታላቅ ታሪክ ውስጥ የውሻው ነገር እንኳ አልተረሳም። እኛስ የቤታችንን ትንሽ በረከት ስለ ምን እንረሳለን?

ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነ አንዱ ብቻ ነው (ሉቃ. 17)። እንግዲህ ዛሬ ማታ ስለ ምድጃው፣ ስለ ድመቷ፣ ስላነበብነውም መጽሐፍ «ተመስገን» እንበል። ባናውንም ለበረደው እናካፍል፤ ምስጋና በእጅም ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።